ሳይረኑ ሲጮኽ ማን ማንን ያወጣል?



ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ምሥራቅ ሎንግ አይላንድ የሚባል ደሴት አለ። ርዝመቱ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ግን በሰፊው ቦታ እንኳ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በደሴቱ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ሾረም በተባለች ቦታ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ 820 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኑክሌር ጣቢያ ገነባ። ግንባታው በ1973 ተጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ወጪውም ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። (ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ወደ አገራችን ስመጣ ዓ.ም. እላለሁ።) ሪአክተሩ በዝቅተኛ ኃይል ተሞከረ፣ ሠራም። ሆኖም ለደንበኞች መብራት መሸጥ ሳይጀምር ተዘጋ፤ የኒው ዮርክ ግዛት በ1 ዶላር ተረክቦ አፈረሰው። ዕዳውን ለረጅም ዓመታት በመብራት ሂሳባቸው ላይ የከፈሉት የደሴቱ ነዋሪዎች ናቸው።

ጣቢያውን ያስዘጋው የመውጫ መንገድ ነው። ደሴቱን ከዋናው ምድር የሚያገናኙት ድልድዮችና ዋሻዎች በሙሉ ያሉት በምዕራቡ ጫፍ፣ በኒው ዮርክ ከተማ በኩል ነው። ከጣቢያው በስተ ምሥራቅ የሚኖር ሰው በመኪናው ልሽሽ ቢል፣ ከሚሸሸው ነገር አጠገብ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ጣቢያው የሚገኝበት የሰፎክ አውራጃ ምክር ቤት ነገሩን አስጠንቶ፣ በፌብሩዋሪ 1983 በ15 ለ1 ድምፅ «ሕዝባችንን በደኅና ማስወጣት አይቻልም» ብሎ ወሰነ። አገረ ገዥው ማሪዮ ኩዎሞም ለኩባንያው ዕቅድ ድጋፋቸውን ነፈጉ።

በጥናቱ ሂደት ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አጥኚዎቹ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሮችንና በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን «አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በቅድሚያ የምንደርሰው ለቤተሰባችን ነው አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? እናቱን ቤት ትቶ የሰው ልጅ ለማውጣት የሚሮጥ ሰው ይኖራል፤ ዕቅድ ግን በእንዲህ ያለው ሰው ብዛት ላይ ሊመሠረት አይችልም። ወረቀቱ ላይ ሹፌሮቹ ሁሉ አውቶቡሳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሞተር አስነሥተው ይጠብቁ ነበር።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ከዚህ ይነሣል። የድንገተኛ አደጋ ዕቅድ ማለት ማን ማንን እንደሚያወጣ፣ ማንስ ባለበት ቢቆይ እንደሚሻለው፣ አደጋው ሳይመጣ በስም ተጠርቶ የታወቀበት ውል ነው። ይህ ውል በሌለበት፣ የዳነው ሰው የዳነው በዕድል ነው።

ከምን እንደምንጠበቅ በአጭሩ ላስረዳ። ሪአክተር፣ በአማርኛ ማብላያ የምንለው፣ እንደ አቶሚክ ቦምብ አይፈነዳም። አደጋው የሚመጣው ከሙቀት ነው። ማብላያው ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያለው ነዳጅ ለቀናት መሞቁን አያቆምም፤ ስለዚህ ውሃ ሳያቋርጥ መዞር አለበት። ውሃውን የሚገፋው ኃይል ከተቋረጠ ነዳጁ ይቀልጣል፤ መከለያው ካልያዘው ጋዝና ብናኝ ከነፋስ ጋር ይወጣል። ከሚወጡት ሁለቱን ብታውቁ ይበቃችኋል። አዮዲን 131 በ8 ቀን ግማሹ ይጠፋል፣ ነገር ግን በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት የሕፃናትን የአንገት ዕጢ ይጎዳል። ሴዚየም 137 ግማሹ እስኪጠፋ 30 ዓመት ይፈጃል፤ አፈር ላይ ተቀምጦ ሰውን ከርስቱ ያፈናቅላል። ከመጀመሪያው ለመዳን የሚቆጠረው ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው ግን የዓመታት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ብዙ ጊዜ አይደርስም። በዓለም አቀፉ መለኪያ ከፍተኛው በሆነው በ7ኛው እርከን የተመዘገቡት ቼርኖቢልና ፉኩሺማ ብቻ ናቸው። ችግሩ በደረሰ ጊዜ ለመማከር ፋታ አለመስጠቱ ነው።

ዛሬ በየአገሩ በጣቢያዎች ዙሪያ የሚሠመረው የአደጋ ዕቅድ ክብ ረጅም ታሪክ የለውም። ማርች 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በፔንሲልቬንያ በሥሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ የ2ኛው ሪአክተር ነዳጅ በከፊል ቀለጠ። ወደ ውጭ የወጣው ጨረራ አነስተኛ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ግን ኩባንያው አንድ ሲናገር፣ የፌዴራል መንግሥቱ ሌላ፣ ግዛቱ ደግሞ ሌላ ይናገር ነበር። በሦስተኛው ቀን አገረ ገዥው ዲክ ቶርንበርግ በ8 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ትምህርት ያልጀመሩ ሕፃናት ቢወጡ ይሻላል አሉ። ምክሩ የሚመለከተው ጥቂት ሺህ ሰው ነበር፤ የወጣው 140,000 ያህል ሆነ። ሕዝቡ ፈሪ ስለነበር አይደለም። ለሁለት ቀን እርስ በርሱ የተጋጨ ወሬ የሰማ ሰው፣ ሦስተኛውን ቃል በራሱ ሚዛን ይመዝነዋል።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ ሕግ አወጣች። በየጣቢያው ዙሪያ 16 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሰው በቀጥታ ለጨረራ ሊጋለጥ የሚችልበት ክልል ሆነ፤ 80 ኪሎ ሜትር ያህሉ ደግሞ ምግብና ውሃ የሚመረመርበት። ሳይረን ይተከላል፣ ለነዋሪው በየዓመቱ መመሪያ ይላካል፣ በየሁለት ዓመቱ መንግሥት እየተመለከተው ልምምድ ይደረጋል። ሥራ ላይ ያለ ጣቢያ የጸደቀ ዕቅድ ሳይኖረው እንዳይቀጥል ተወሰነ። ሾረምን የጣለው ይኸው ሕግ ነው። ጃፓን ዛሬ በ5 እና በ30 ኪሎ ሜትር ትሠራለች፤ ኬፕታውን አጠገብ ያለው ኮበርግ፣ በአፍሪካ ብቸኛው በሥራ ላይ ያለ የኑክሌር ኃይል ጣቢያ፣ በ5 እና በ16።

ክብ የሚያስፈልገው አውቶቡስ ለመቁጠር፣ ክኒን ለማከማቸት፣ ሳይረን ለመትከል ነው። ነፋስ ክብ አያውቅም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የጃፓኗ የናሚዬ ከተማ ሰዎች ናቸው።

ማርች 11 ቀን 2011 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ላይ ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 9 ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመጣው ሱናሚ የፉኩሺማ ዳይ-ኢቺ ጣቢያን ጄኔሬተሮች አጥለቀለቀ። የመውጫው ትእዛዝ በየሰዓቱ ሰፋ፦ ምሽት 3 ሰዓት ከ23 ላይ 3 ኪሎ ሜትር፣ ንጋት 11 ሰዓት ከ44 ላይ 10 ኪሎ ሜትር፣ በማግሥቱ ምሽት 20 ኪሎ ሜትር። እስቲ አስቡት፤ መጀመሪያ 7 ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለ ዘመድ የሸሸ ሰው ነገ ይነሣል፣ 15 ላይ ያረፈው ነገ ማታ እንደገና ይነሣል። አራት አምስት ጊዜ የተነሡ ቤተሰቦች ነበሩ። 20,000 ያህል ሕዝብ የነበራት የናሚዬ ከተማ ከንቲባ ትእዛዙን የሰሙት ከቴሌቪዥን ነው። ሕዝባቸውን ይዘው በስተ ሰሜን ምዕራብ ወዳለው ተራራማ ቀበሌ ወደ ጹሺማ ወጡ፤ 8,000 ያህሉ በትምህርት ቤትና በየአዳራሹ ተጠለሉ። ልጆች ውጭ ይጫወቱ ነበር፤ ምግብ የሚበስለው በአካባቢው ውሃ ነበር። ነፋሱ ብናኙን የወሰደው በትክክል በዚያው በኩል ነው።

መንግሥት የብናኙን አቅጣጫ የሚያሰላ ስፒዲ የሚባል የኮምፒዩተር ሥርዓት ነበረው፣ ሥርዓቱም ያሰላ ነበር። ከጣቢያው ምን ያህል እንደወጣ ስላልታወቀ ስሌቱ ያልተሟላ ነው ተብሎ ለናሚዬ አልተነገረም፤ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ማርች 23 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ያልተሟላ መረጃ መስጠት ሽብር ይፈጥራል የሚለውን ክርክር ብዙ ባለሥልጣን ይወደዋል። እኔ አልቀበለውም። «ምን ያህል እንደሆነ አናውቅም፤ ነፋሱ ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ እየነፈሰ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለከንቲባው በቂ ነበር።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ብናገር አትቀየሙኝ። ከጣቢያው 4.5 ኪሎ ሜትር ላይ ፉታባ የሚባል ሆስፒታል ነበር። ከ300 በላይ ሕመምተኞች ነበሩበት፤ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብዙዎቹ ከአልጋ የማይነሡ። አጠገቡ 100 ያህል ሰው የሚኖርበት የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። በማርች 12 የመጡት አውቶቡሶች መራመድ የሚችሉትን 200 ያህል ሰዎችና አብዛኞቹን ሠራተኞች ይዘው ሄዱ። የቀሩትን የሚወስድ መኪና ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል፣ ውሃና መብራት በሌለበት፣ በጣት የሚቆጠሩ ሠራተኞች በሽተኞቹን ይዘው ቆዩ። በማርች 14 አውቶቡስ መጣ። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎች ለተቀማጭ መንገደኛ በተሠራ መቀመጫ ላይ ተጫኑ። አጭሩ መንገድ ተዘግቷል፣ የጨረራ ምርመራም ይቀድማል ተብሎ መኪናው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ዞረ፤ ጉዞው ወደ 10 ሰዓት ፈጀ። የደረሱት ኢዋኪ ከተማ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ አልጋም ሆነ የሕክምና መሣሪያ አልነበረም። በር ሲከፈት መኪናው ውስጥ የሞቱ ነበሩ። ማርች ሳያልቅ ከሆስፒታሉና ከመጦሪያው የሞቱት 50 ያህል ደረሱ።

እነዚህን ሰዎች የገደላቸው ጨረራ አይደለም። ጥማት፣ ብርድ፣ የተቋረጠ መድኃኒትና ርኅራኄ የጎደለው ጉዞ ነው። በኋላ ላይ ተመራማሪዎች በሚናሚሶማ ከተማ የ5 መጦሪያዎችን ነዋሪዎች ሲከታተሉ፣ ከተፈናቀሉ በኋላ የሞት መጠኑ ቀድሞ ከነበረው 2.7 እጥፍ ሆኖ አገኙት። ልዩነቱም ከመጦሪያ መጦሪያ ሰፊ ነበር፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ታውቆ፣ ተንከባካቢዎቻቸው አብረዋቸው በተጓዙበት ቦታ ጉዳቱ ቀንሷል። በፉኩሺማ ክፍለ ግዛት ከመፈናቀልና ከተከታዩ ኑሮ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሞቱት በመንግሥት መዝገብ ከ2,300 በላይ ናቸው። ከጨረራ ጋር በተያያዘ ሕመም መንግሥት ያመነው የአንድ ሠራተኛ ሞት ነው።

ይህን አኃዝ ይዘው ሁለት ወገኖች ይሟገታሉ። አንዱ «ስለዚህ ማስወጣቱ ራሱ ስሕተት ነበር» ይላል። ሌላው አኃዙን መስማት አይፈልግም፤ የጨረራን አደጋ ያቃልላል ብሎ ይፈራል። ሁለቱም ያንን አውቶቡስ አያዩትም። የፉታባ በሽተኞች መውጣት ነበረባቸው፤ መውጣት ያለባቸው ግን ተኝተው፣ ነርስ አብሯቸው፣ አልጋ ወዳለበት ቤት ነበር። ያ እስኪዘጋጅ ደግሞ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ምግብና መድኃኒት እየገባላቸው ሊቆዩ ይገባ ነበር። ዕቅድ የነበረው ለጤነኛ ሰው ነው። በአደጋ ጊዜ ጤነኛ ሰው ያለ ዕቅድም እግሩን ያነሣል።

ባሉበት መቆየትም ሥርዓት እንዳለው የሚያሳይ ምሳሌ እዚያው አገር አለ። ኢታቴ የምትባል መንደር ከ20 ኪሎ ሜትሩ ውጭ ነበረች፤ ያው ነፋስ ግን አግኝቷት፣ በኤፕሪል 22 ነዋሪዎቿ እንዲወጡ ታዘዘ። በመንደሪቱ 100 ያህል አዛውንት የሚኖሩበት መጦሪያ ነበር። ጨረራው በሕንፃው ውስጥ ተለክቶ፣ የአረጋውያኑ ዕድሜና የጉዞው አደጋ ተመዝኖ፣ እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። ሠራተኞቹ ከሩቅ እየተመላለሱ ጦሯቸው። ለዚህ ውሳኔ ትልቅ ቴክኖሎጂ አላስፈለገም፤ ተቀምጦ የሚመዝን ሰውና ጊዜ ነው ያስፈለገው። ጊዜው የሚገኘው አስቀድሞ ብቻ ነው።

ቤት ዘግቶ መቀመጥ ቤት ሲኖር ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በጃፓኑ የኖቶ ልሳነ ምድር ላይ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ በዚያ ያለው የሺካ ጣቢያ ሪአክተሮች ከ2011 ጀምሮ ጠፍተው ስለነበር የጨረራ አደጋ አልደረሰም። ዕቅዱ ግን በአንድ ቀን ተፈተነና ወደቀ። ውጡ ቢባል መንገዱ በየቦታው ተቆርጧል፤ ቤት ግቡ ቢባል ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ጨረራ ከሚለኩት መሣሪያዎች 18ቱ መረጃ መላክ አቁመዋል። በዚያው ልሳነ ምድር ጫፍ፣ ለመንቀጥቀጡ መነሻ ቅርብ በሆነችው በሱዙ፣ ሌላ ጣቢያ ሊሠራ ታቅዶ ነዋሪዎች ለዓመታት ስለተቃወሙት በ2003 ቀርቷል። ያኔ የተቃወሙትን ኋላ ቀሮች ያላቸው ሰው አይጠፋም ነበር።

ስለ አዮዲን ክኒን ብዙ ትጠየቃላችሁና ላብራራ። ፖታስየም አዮዳይድ የጨረራ መድኃኒት አይደለም። አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው፦ አንገታችን ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ በደኅናው አዮዲን መሙላት። ጎተራው በደኅና እህል ከሞላ ለተመረዘው ቦታ አይኖረውም። ሙሉ ጥቅሙን የሚሰጠው ብናኙ ሳይደርስ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከደረሰ በኋላ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ሲወሰድ ነው፤ እየዘገየ በሄደ መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች ናቸው፤ ከ40 ዓመት በላይ ላለ ሰው ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከሴዚየም አያድንም። በመጋዘን ተቆልፎ ከቆየ ደግሞ ለማንም አይደርስም። በፉኩሺማ ብዙ ከተሞች ክኒኑን ይዘው ከላይ ትእዛዝ ሲጠብቁ፣ ሚሃሩ የምትባል ከተማ ነፋሱን አይታ በማርች 15 በራሷ ውሳኔ ለነዋሪዎቿ አደለች።

በቼርኖቢል የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ላይ 4ኛው ሪአክተር ፈነዳ። 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የፕሪፒያት 49,000 ያህል ሕዝብ ቅዳሜን እንደ ማንኛውም ቅዳሜ አሳለፈ፤ አውቶቡሶቹ ያነሡት በማግሥቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ «ለሦስት ቀን ነው» ተብሎ ነው። የሕፃናቱ ጉዳት ግን ብዙው የመጣው በሩቅ፣ በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ መንደሮች፣ በወተት በኩል ነው። ላሟ የተበከለውን ሣር ጋጠች፣ ሕፃኑ ወተቷን ጠጣ። እስከ 2005 ድረስ በጊዜው ሕፃናትና ታዳጊዎች ከነበሩት መካከል ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ታማሚዎች ተመዝግበዋል፤ የብዙዎቹ ሕመም በዚያ ወተት ሊሆን እንደሚችል ሳይንስ ያምናል። ወተቱን ለጥቂት ሳምንታት አትጠጡ ማለት ብዙ ልጆችን ባዳነ ነበር። ከሞስኮ አንዳች ያልተነገራት ፖላንድ በራሷ መለኪያ ብናኙን ባየች በማግሥቱ አዮዲን ማደል ጀምራ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለ10 ሚሊዮን ያህል ልጆች አዳረሰች።

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። በቼርኖቢል ዙሪያ ያሉ ብዙ መንደሮች በምግባቸው አዮዲን የሚያንሳቸው ነበሩ። አዮዲን የተራበ ዕጢ ያገኘውን ሁሉ ይስባል፣ የተበከለውንም። እኛም የዚህ እጥረት ምልክት የሆነውን እንቅርት ከደጋ ገበሬዎቻችን አንገት ላይ እያየን ያደግን ሕዝብ ነን። ስለዚህ አዮዲን ያለበት ጨው በየጓዳው መግባቱ ለአገራችን ከማንኛውም ክኒን በፊት የሚመጣ ዝግጅት ነው፤ ሪአክተር ቢሠራም ባይሠራም ልጆቻችንን ይጠቅማል።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ዛሬውኑ የጣቢያ ጎረቤቶች ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩት ከካልቨርት ክሊፍስ ጣቢያ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እዚያ አደጋ ቢደርስ ለእነሱ የሚመጣው መልእክት ስለ ወተት፣ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ዓሣ መሆኑ አይቀርም፤ ያንን ሳያውቁ በድንጋጤ መንገድ ቢሞሉ፣ በ16 ኪሎ ሜትር ውስጥ ላሉት የሚያስፈልገውን መንገድ ይዘጋሉ።

የበለጠ የምሳሳው በባሕረ ሰላጤው ላሉት ነው። በአቡ ዳቢ በረሃ ዳርቻ የተሠራው ባራካ 4 ሪአክተሮች አሉት፤ በአንድነት 5,600 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ከባሕሩ ማዶ የኢራኑ ቡሼር አለ። የዚያ አካባቢ ሕዝብ በአብዛኛው የሚጠጣው ከዚሁ ባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ምድር የውሃ ማጠራቀሚያ የአደጋ ዕቅዱ እምብርት ነው። ባራካ የተሠራው ከትላልቅ ከተሞች ርቆ መሆኑ ደግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር እህታችን ናት። አንዳንዷ ስልኳ በእጇ አይደለም፤ አረብኛውን ትሰማለች እንጂ አታነብም፤ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ከበር አትወጣም። ማስጠንቀቂያው ስልክ ላይ ቢመጣ ማን ያነብላታል? ቤተሰቡ በመኪናው ሲነሣ ቦታ ይተርፋታል? በጃፓን በ2011 የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን ከ80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ውጡ ሲል፣ የጃፓን መንግሥት ትእዛዝ 20 ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ኤምባሲያችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚናገረው ቃል ዛሬ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። የቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሊሠራው የሚችለው፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ኢትዮጵያም በመስከረም 2018 ዓ.ም. የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለማልማት የሚያስችል የድርጊት ዕቅድ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ሞስኮ ላይ ተፈራርማለች። ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ክርክር ሌላ መድረክ ይገባዋል። እኔ የምለው፣ ቦታ የሚመርጠው ቡድን ውሃውን፣ አለቱንና የመሬት መንቀጥቀጡን በሚመረምርበት ቀን፣ መውጫውንም አብሮ ይመርምር ነው። ሾረም ላይ መንገዱ የተጠየቀው ግንባታው ከገፋ በኋላ ነው። 6 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ የሚችል አገር አይደለንም።

ምርመራውም በቢሮ ካርታ አይሆንም። መንገዱ በነሐሴ ይሄዳል ወይ? በገበያ ቀን በቀበሌው የሚውለው ሰው ስንት ነው? ከሌላ ወረዳ የመጣው ነጋዴ ሳይረን ቢሰማ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል ወይ? ገበሬ ከብቱን ጥሎ እንደማይሄድ በጃፓን እንኳ ታይቷል። በ20 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ ላሞቻቸውን ሊያበሉ ተደብቀው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ መንግሥት በሜይ 2011 ከብቶቹ እንዲወገዱ ሲያዝ እምቢ ያሉም ነበሩ። አርብቶ አደር ባለበት አገር ለከብቱ ቦታ ያላዘጋጀ ዕቅድ ለባለቤቱም አላዘጋጀም። የሚደርስለት ሰው የሌለው ማየት የተሳነው አባት፣ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት አራስ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነች አያት፣ ስማቸው በቀበሌው ዝርዝር ላይ ይኑር፤ ከእያንዳንዳቸው ስም ጎን የሚያወጣቸው ሰው ስም ይጻፍ፤ እሱ ባይኖር የሚተካው ደግሞ ቀጥሎ። በዚህስ አገራችን ባዕድ አይደለችም። ዕድር አባሉን በስም ያውቃል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ከማንም ቀድሞ ይሰማል። የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ዕቅድ ሲያወጣ ከዕድር ዳኞች ጋር ቢቀመጥ፣ ሰፎክ በጥናት ያገኘውን እሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያገኘዋል።

ጣቢያው ከተሠራ በኋላም ጉዳዩ አያልቅም፣ ምክንያቱም ሥራ ባለበት ሰው ይሰፍራል። ኬፕታውን ወደ ሰሜን እየሰፋች ወደ ኮበርግ ስትጠጋ፣ ከተማው በክልሉ ውስጥ አዲስ ሰፈር ለመፍቀድ የመልቀቂያውን ሰዓት በትራፊክ ስሌት እያመሳከረ መወሰን ግድ ሆኖበታል። እንዲህ ያለውን «ይብቃ» የማለት ሥልጣን ለማን እንሰጣለን? ለጣቢያው ባለቤት ከሆነ ከንቱ ነው። ጣቢያውን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጣቢያውን ከሚያሠራው ተለይቶ፣ ዕቅዱ በልምምድ ሲወድቅ ማብላያው እንዲጠፋ ማዘዝ የሚችል መሆን አለበት፤ የልምምዱም ውጤት፣ የወደቀው ጭምር፣ ለአካባቢው ሕዝብ በቋንቋው ይነበብለት።

የጊዜዬ ድርሻ እዚህ ላይ ያበቃል። ከመካከላችሁ ከጤና ጣቢያና ከትምህርት ቤት የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁና፣ ጥያቄውን ከእናንተ ብንጀምር ደስ ይለኛል።